ስልቻ ይዘን የሄድንበት ሰፈራ

እኔ ቤት ቄጠማ አይጎዘጎዝም። የእንቁጣጣሽ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ወለሉን ሲያለመልም የእኔ ቤት እንደ አዘቦት ቀን ተጠርጎ ብቻ ይውላል። ልጄ ካገባች በኋላ እንኳ በዓል ልትውል ስትመጣ፣ "እማዬ፣ ዘንድሮስ አንድ እፍኝ ብንበትን ምናለ?" ትለኛለች። አይሆንም እላታለሁ። ቄጠማ ሲረገጥ የሚወጣው ጠረን ለሌላው ሰው የዓመት በዓል ሽታ ነው። እኔን ያቅለሸልሸኛል። ተነሥቼ ወደ ጓሮ እወጣለሁ።

ሌላም የማልወደው አለ። መስከረም በጠባ ቁጥር ሬዲዮው ስለ አገር ነጻነት ያወራል። ለማንም ያልተገዛን፣ ማንም ያልደፈረን እያለ ሰውየው ድምፁን ያጎረንናል። እውነቱን ነው፣ እኔን ከቤቴ ያወጣኝ ፈረንጅ አይደለም። አማርኛ የሚናገር ሰው ነው፤ ያውም ያወጣኝ በእኔው ቃል፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ከአውድማ ላይ ስሰማው በኖርኩት ቃል ነው። ሬዲዮውን እዘጋዋለሁ። የልጄ አባት፣ "ምን አደረገሽ፣ ዕቃ እኮ ነው" ይለኛል። ዕቃ መሆኑን አውቃለሁ።

አገራችን ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው በኩል ነው። ደጋ ነው፤ ገብስ፣ ባቄላና ስንዴ ይበቅላል። ዓመቱን የምናውቀው በዝናቡ ነው። በልግ ሲጥል ማሳው ይገለበጣል፣ ክረምት ሲገባ ሰው ከቤቱ ይከተታል፣ መስከረም ላይ ጭጋጉ ሲነሳ የማዶው ጋራ እንደ ታጠበ ልጅ ፊት ይወጣል። ልጅ ሳለሁ አገር ማለት ይህ መስሎኝ ነበር። አሁንም ይመስለኛል።

በንጉሡ ጊዜ የመጣውን ረሃብ በልጅነቴ አይቼዋለሁ። ያን ጊዜ አባቴ የሰው መሬት አራሽ ነበር። ምርት ሲገባ ባለ መሬቱ ቁናውን ይዞ ከአውድማው ይቆማል፤ መጀመሪያ ለእሱ ይሰፈራል፣ ለእኛ የሚሰፈረው የተረፈው ነው። አብዮቱ ሲመጣ ተማሪዎች ከከተማ መጥተው መሬቱ የእናንተ ነው፣ ነጻ ወጣችሁ አሉን። አባቴ በመጀመሪያው መኸር እህሉን ራሱ ሰፈረ። አንድ ቁና በሰፈረ ቁጥር ቀና ብሎ ዙሪያውን ያይ ነበር፤ የሚከለክለው ሰው የሚመጣ እየመሰለው። እኔም ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ሦስት ክፍል ያህል የተማርኩትም በዚያ ሰሞን ነው። መጀመሪያ አጥርቼ ካነበብኳቸው ቃላት አንዱ "ነጻነት" የሚለው ነበር። በየግድግዳው ስለተጻፈ ማንም ያነበው ነበር።

ከዚያ አገባሁ፣ ወለድኩ። አብዮቱ አስረኛ ዓመቱን በያዘበት ጊዜ በልጉ ከለከለ። ደመናው ከማዶ ይመጣና ደጃችን ድረስ ደርሶ እንደ ተኳረፈ ዘመድ ይመለሳል። ክረምቱም ዘግይቶ ገባ፣ ነሐሴ ሳያልቅ ወጣ። ፍሬ የያዘ ገብስ አንገቱን ይደፋል። የዚያ ዓመት ገብስ ግን አንገቱን አልደፋም፤ ባዶ ዛላውን ይዞ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመ። በሬዎቻችን አለቁ። ከቤቱ ነገር ሁሉ የቀረችን አንዲት ቀይ ላም ናት።

ልጄ ያን ጊዜ ገና ጥርሷን አልነቀለችም፤ ሰውነቷም ስስ ነበር። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ፈሪ ነኝ። ያልፈላ ውኃ አላጠጣትም፣ ሰው ከተሰበሰበበት አላደርሳትም። ወንዝ ስወርድ የመቀነቴን ጫፍ በወገቧ አስሬ ነበር የምሄደው። ሴቶቹ፣ "አንቺ፣ ጥጃ ነው ልጅ የምትጎትቺው?" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። የጎረቤት ልጆች ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ጸጉራቸው እንደ በቆሎ ጸጉር ቀልቶ እየሞቱ የእኔ ልጅ በዚያች ላም ወተት ቆመች። ወተቱ ከቅል ግርጌ አያልፍም። ቢሆንም ወተት ነው።

ላሟን ያቆማት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ጨፌ ነው። ምንጭ የሚፈልቅበት ረግረግ ነው፤ አገሩ ሁሉ አመድ ሲመስል እዚያ ብቻ ቄጠማ ነበር። ቄሶቹና ሽማግሌዎቹ ተመካክረው፣ የምትታለብ ላም ብቻ በተራ ትጋጥበት ብለው ደንብ አወጡ። ሰው እየተራበ ያን ደንብ የጣሰ አልነበረም።

ጳጉሜን ላይ የገበሬ ማኅበሩ መልእክተኛ መጣ። አማቴ፣ የልጄ አባት እናት፣ በራፍ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

"ለአብዮት በዓል ከየቤቱ አንድ አንድ ሸክም ቄጠማ ይውጣ ተብሏል" አለ።

"ከየት ያለውን ቄጠማ፣ ልጄ?" አሉት አማቴ።

"የጨፌውን ነዋ፣ እማማ።"

"እሱማ የላሞቹ ነው።"

"አሁን የአብዮቱ ነው።"

"አብዮቱ ሣር ይበላል እንዴ?"

መልእክተኛው ግራ ቀኙን አየ። "እማማ፣ ይተዉኝ። ይህ ነገር ለእኔም ለእርስዎም አይበጅም" አለና ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።

አጨድነው። ሴቱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ወርዶ ጨፌውን ላጨው። ሸክሜን ተሸክሜ ሽቅብ ስወጣ ላሟ ተከተለችኝ። ጎኗ ተጣብቋል፣ እግሯ ይብረከረካል፣ ግን ተከተለችኝ። ከኋላዬ አንገቷን እየዘረጋች ከሸክሜ ጫፍ አንድ ሁለት ሰበዝ ስትመዝ ይሰማኛል። ዞሬ በሸንበቆ መታኋት። መምታት ነበረብኝ፤ ከሸክሙ የጎደለበት ሰው ምን እንደሚባል እናውቃለን።

መካነ ሰላም ላይ ከእንጨትና ከቅጠል ትልቅ በር ሠርተው "ነጻነት" ብለው ጽፈውበታል። ቃሉን ሳየው አነበብኩት። በስተውስጥ ለእንግዶቹ ዳስ ተጥሏል፣ የእኛ ቄጠማ ከዳር እስከ ዳር ተጎዝጉዟል። ለእንግዶቹ በሬ ታርዷል፣ ቢራም መጥቷል። እኛ እንዳንገባ ከተወጠረው ገመድ ወዲያ ቆመን አጨበጨብን። ካኪ የለበሰ ሰው አገራችን ለማንም እንዳልተንበረከከች ረጅም ንግግር አደረገ። በዚያ ሰዓት አጠገቤ የነበረች ሴት በጉልበቷ ወደቀች፤ ቁርስ ስላልበላች ነው። አንስተን ደገፍናት፣ ማጨብጨቧንም ቀጠለች። የተቆላው ሥጋና የተረገጠው ቄጠማ ሽታ አንድ ላይ ወደ እኛ ይነፍሳል። ከገደሉ በታች ደግሞ የሞቱ ከብቶች ግማት አለ። ሦስቱ ሽታዎች አፍንጫዬ ውስጥ ተደባለቁ፤ እስከ ዛሬም አልተለያዩም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሴቶቹ ገመዱን አልፈን ገባን። ለከብቶቻችን የተረገጠውን ቄጠማ ልንሰበስብ ነው። ጮማ ነክቶታል፣ ቢራ ፈስሶበታል፣ ምራቅና የሲጋራ ቁራጭ አለበት። የቻልኩትን ያህል እየለቀምኩ በነጠላዬ ይዤ መጣሁ። ለላሟ ሰጠኋት። አሸተተችውና ፊቷን አዞረች። የተራበች ላም የተጸየፈችው ነገር ላይ ነው ሰዎቹ ቆመው ስለ ነጻነት የተናገሩት።

ጥቅምት ላይ ላሟ ነጠፈች። ኅዳር ላይ ወደቀች፤ ሁላችንም ተጋግዘን ብንደግፋትም አልተነሳችም። ልጄ ቅሏን ይዛ ከላሟ አጠገብ ቁጭ ትል ነበር። ከዚያ ወዲያ ለእሷ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም። ክንዷን ስይዘው ጣቶቼ ዙሪያውን ይገናኛሉ።

መልእክተኛው እንደገና የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ደጅ ቆሞ ጮኸ፤ "ሰፈራ አለ። የተቸገረ ሁሉ ቤተሰቡን ይዞ መካነ ሰላም ይምጣ። በነጻ ፈቃድ ነው።" ብሎ አለፈ።

አማቴ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። "ተመስገን፣ አስታወሱን። ሊሰፈርልን ነው" አሉ።

እኔ የገባኝም ይኸው ነው። በገበሬ ቤት መስፈር ማለት በቁና መስፈር ነው። ሰው ይሰፈራል የሚል ነገር ማን ሰምቶ ያውቃል?

"ፈቃድ ያስፈልጋል አለ እኮ፣ እማማ" አልኳቸው።

"ፈቃዱንም በነጻ ነው የሚሰጡት። አልሰማሽም? ድሮማ ለፈቃድ ያስከፍሉ ነበር።"

የልጄ አባት ልጅቷንም እንውሰዳት አለ። "በነፍስ ወከፍ ነው የሚሰፈረው ይላሉ። ያልታየ ሰው አይሰፈርለትም።"

"ልጄ ሰው ከታጨቀበት አትሄድም። ተስቦ ገብቷል እየተባለ ነው።"

"አብሽሪ። ተስቦው እስኪደርስ ረሃቡ ይቀድመዋል። አንቺ እኮ ቤት እየነደደ ጭሱን ነው የምትፈሪው።"

አማቴ ስልቻውን ከምሰሶው አውርደው አራገፉት፣ ስፌቱን በእጃቸው እየዳበሱ አዩት። እሳቸው እግራቸው ስለሚያማቸው ቀሩ። ስንወጣ ቁናውን ከበራፉ አጠገብ አስቀምጠው፣ "የመንግሥት ቁና ይጎድላል። ስትመጡ መልሰን እንሰፍረዋለን" አሉ።

መንገዱ ስልቻ በያዘ ሰው ሞልቶ ነበር። አቁማዳ የያዘም አለ፣ ጆንያ የያዘም አለ፣ ምንም ያጣ ነጠላውን ጠቅልሎ ይዟል። ልጄን በመቀነቴ አስሬ ከዳር ከዳር አስኬዳታለሁ። መካነ ሰላም ስንደርስ በእሾህ ወደ ታጠረ ሜዳ አስገቡን። ሲያስገቡን ደግ ናቸው። በሩ ላይ ግን ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አሉ፣ የገባ ሰው ሲወጣም አላየሁም። ይህን ለልጄ አባት ነገርኩት። "ሰፍረው ሲጨርሱ በሌላ በር ያስወጡ ይሆናል" አለኝ።

አንድ ካድሬ መጣ። ወጣት ነው፤ ጫማው ተወልውሏል። ሜዳውን ሁሉ አየና፣ "ይህ ሁሉ ስልቻ ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀ።

ፊት ለፊቱ የቆሙ ሽማግሌ፣ "ለሚሰፈረው ነዋ፣ ጌታዬ" አሉት።

ካድሬው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ጓደኛውን ጠርቶ ነገረው፤ ሁለቱ ተያይዘው ሳቁ። ካድሬው እንባው እስኪመጣ ድረስ ነው የሳቀው። ከዚያ ዓይኑን እየጠረገ፣ "አባቴ፣ እህል አይደለም፤ የምትሰፍሩት እናንተ ናችሁ" አለ።

"ወዴት?"

"ወደ ለም አገር። ዝናብ ወደማይጠፋበት።"

"አገርማ አለን።"

"እሱም አገራችሁ ነው። ነጻ ሕዝብ በአገሩ የትም ይኖራል።"

ሽማግሌው ስልቻቸውን አጣጥፈው ብብታቸው ውስጥ ከተቱ። ከኋላችን አንድ ሰው ቀስ ብሎ፣ "በሉ እንግዲህ፣ ቁናው ያውና" አለ። ዞረን ስናይ በአገጩ የሚያሳየው የጭነት መኪናውን ነው። የሳቀ ሰው ነበር። በዚያ ሰዓትም ሰው ይስቃል።

መኪኖቹ እስኪሞሉ እዚያው ሰነበትን። ያን ሜዳ መግለጽ አልወድም፤ ልዝለለው ብል ደግሞ ውሸት ይሆናል። ሰው እንደ ከብት ባለበት ይጸዳዳል። ቅማሉ በነጠላ ላይ ሲሄድ በዓይን ይታያል። ማለዳ ማለዳ የሞተ ሰው ያወጣሉ፣ በወጣበት ቦታ ሌላ ሰው ይቀመጣል። እኔ ስልቻውን አንጥፌ ልጄን እሱ ላይ አስቀመጥኳት፣ መሬቱን እንዳትነካ። ማንም እንዲነካት አልፈቀድኩም። አንዲት ሴት፣ "ከእኛ ምን የተለየ ሥጋ አላት?" ብላ ሰደበችኝ። የተለየ ሥጋ የላትም። የእኔ ነች፣ ሌላ ነገር የለውም።

የመጫኛው ቀን መጀመሪያ ወንዶቹን አስገቡ። እህል የሚሰፍር ሰው ቁናው ሲሞላ በእጁ ጠቅጠቅ ያደርገዋል፣ እነሱንም እንደዚያው ነው ያደረጓቸው። የልጄ አባት ስልቻውን ከእኔ ተቀብሎ ትከሻው ላይ እንዳደረገ ወጣ፤ "ቦታ እይዝላችኋለሁ፣ ሕፃኗን አቀብዪኝ" አለኝ። መቀነቱን ልፈታ ጎንበስ አልኩ። ያን ጊዜ ከመኪናው ውስጥ ሽታው መጣብኝ። በመኪናው ወለል ላይ አንድ ሰው ተኝቷል፣ ፊቱ ቀልቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ያቃዠዋል። ተስቦ ነው። እኔ ተስቦን ስፈራው ስለ ኖርኩ ከሐኪም እኩል አውቀዋለሁ። ልጄ እዚያ ውስጥ ከገባች በሕይወት እንደማትወርድ ያኔውኑ ገባኝ።

ጎንበስ እንዳልኩ በጆሮዋ፣ "ዓይንሽን ጨፍኚ፣ አትግለጪ" አልኳት። አቀፍኳትና ወደ ካድሬው ዞርኩ።

"ጌታዬ፣ ልጄን ተስቦ ይዟታል።"

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ አፍንጫውን ያዘ። እኔ ወደ እሱ ቀረብኩ፣ "በእጅዎ ይዳስሷት፣ እንደ እሳት ትፋጃለች" አልኩት። ልጄ ጭንቅላቷን ጣለች።

"አውጧት ከዚህ" አለ በመሐረቡ ውስጥ። "አንቺም ውጪ።"

ጥበቃው እጁ እንዳይነካን በዱላው ጫፍ እየገፋ እስከ በሩ አደረሰን። እነዚያ ሰዎች እኛን ለመሰብሰብ አልተጸየፉም፣ ለማጎርም አልተጸየፉም። በሽታ ሲባሉ ነው የተጸየፉት። ልጄን ያተረፈልኝ መጸየፋቸው ነው፤ ስለዚህ እንኳን ተጸየፉን።

የልጄ አባት ግን ሰምቷል። ከመኪናው ጎን ተንጠልጥሎ፣ "ልጄን ምን አገኛት? ተስቦ ነው ያለችው?" ይላል። አፌን ብከፍት ካድሬው አጠገቤ ነው። እውነቱን ብናገር ልጅቷ ወደ መኪናው ትመለሳለች። እሱ ስልቻውን ከትከሻው አውርዶ ወረወረልኝ፤ "አልብሻት፣ ብርድ እንዳያገኛት" አለ። መኪናው ተነሳ። እሱ የሚያየው ክንዴ ላይ የተዘረጋችውን ልጅ ነው፣ እኔ የማየው የእሱን ፊት ነው። ልጄ ዓይኗን አልገለጠችም። ግለጪ ስላላልኳት እስከ መንገዱ አጋማሽ ድረስ ጨፍና ነው የሄደችው።

ቤት ስንደርስ አማቴ በራፉ ላይ ነበሩ። ቁናው ካስቀመጡት ቦታ ነው። ልጅቷን አዩ፣ ከኋላዬ መንገዱን አዩ፣ በመጨረሻ ስልቻውን አዩ።

"ምን ያህል ተሰፈረላችሁ?" አሉኝ።

"ልጅዎ ተሰፈረ፣ እማማ" አልኳቸው።

ቁናውን አንስተው ወደ ውስጥ አስገቡት። በኋላ የእርዳታው እህል በእርግጥ መጣ፤ የሚሰፈረው እህል። ልጄ በእሱ ቆመች። አማቴ ግን የሚሰፍሩትን ሰዎች ለማየት አንድም ቀን ከቤት አልወጡም። የመጣውን እህል ይበላሉ፣ ምስጋናውን ለእግዚአብሔር ይሰጣሉ፣ "ተሰፈረ" የሚለውን ቃል ግን እስኪሞቱ ድረስ ከአፋቸው አላወጡም። "ተሰጠን" ነበር የሚሉት።

ያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ፣ መስከረም ላይ፣ አንድ ፊቱ ወይቦ እንደ ሰም የሆነ ሰው ደጃችን መጣ። ልጄ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ነው ያገኘችው።

"የማን ልጅ ነሽ?" አላት።

ነገረችው። ካለበት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ስወጣ እዚያው እንደ ተቀመጠ ነው። አወቅሁት።

"ተስቦውስ?" አለኝ።

"ውሸት ነበር።"

ረጅም ጊዜ ልጅቷን አያት። "እኔ ተዝካሯን አውጥቻለሁ" አለ። "በሰው አገር፣ እህል ተበድሬ።"

የእናቱን መሞት ነገርኩት። ሲያድር የዚያን ለም አገር ነገር ጠየቅሁት። ወባ እንዳለ፣ አፈሩ ጥቁር እንደሆነ፣ ዝናቡ እንደማያባራ ነገረኝ። "እዚያ አደይ አበባ የለም" አለኝ። "መስከረም የለም። ሁሉም ወር አንድ ነው። ዓመቱ ሲያልፍ አላየሁትም።" ከዚያ ተነሥቶ ወደ ማሳው ወጣ። ገብሱ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ዛላውን በእጁ እየያዘ ሲሄድ ከቤት ሆኜ አየሁት። በዚያ ዓመት መኸር ሲገባ ስልቻውን አውርጄ ሰጠሁት። ሞላው። ቁናውን ግን አልነካውም፤ በእጁ እየዘገነ ነው የሞላው።

አሁን የምንኖረው በሌላ መንግሥት ነው። በዓሉም ሌላ ነው፣ የነጻነቱ ወሬ ግን ያው ነው። ባለፈው ጳጉሜን ከቀበሌ አንዲት ሴት መጣች። ትሑት ናት፤ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ።

"እናታችን፣ ለበዓሉ ከየቤቱ ትንሽ ትንሽ ቄጠማ እየተዋጣ ነው። ከጨፌው ቢያመጡልን።"

"ላም አለችኝ" አልኳት።

"ላሟን አይደለም፣ እናታችን። ቄጠማውን ነው።"

"ገብቶኛል። ላም አለችኝ።"

የልጄ አባት ከቤት ውስጥ ሲያስል ሰማሁ፤ ሳቁ እንደሆነ አውቃለሁ። ሴትዮዋ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች። እኔም ላሟን ፈትቼ ወደ ጨፌው ወረድኩ።